አንድ ሕመም በሁለት ስም
(የወጣቶችን ድብርት የመለየትና የመመዘን ታሪክ፤ ከምዕራብ ጎጃም ገጠር አንጻር)

መግቢያ

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ብዙ ጊዜ በጉብዝና ወራት የሚጀምረውን አንድ የአእምሮ ሕመም ሰዎች በየዘመናቸው እንዴት እንደ ለዩትና እንደ መዘኑት ባጭሩ ማስረዳት ነው። ሕመሙ ሐኪሞች ባይፖላር የሚሉት ነው፤ ትርጓሜውም ሁለት ዋልታ ያለው ማለት ነው። በአንደኛው ዋልታ የበሽተኛው ስሜት ከልክ በላይ ይግላል፤ እንቅልፍ ሳይተኛ አይደክምም፣ አፉ አያርፍም፣ ገንዘቡን ይበትናል፣ ራሱን ከሰው ሁሉ በላይ አድርጎ ያያል። ይህን ማኒያ ይሉታል። በሌላው ዋልታ ስሜቱ ይወድቃል፤ ደስታ ይርቀዋል፣ ጉልበት ይከዳዋል፣ ሞትን እስከ መመኘት ይደርሳል። ይህንን ድብርት እንለዋለን። በሁለቱ መካከል ሰውየው እንደ ማንኛውም ጤነኛ ሆኖ ወራት፣ አንዳንድ ጊዜም ዓመታት ሊኖር ይችላል።

እዚህ የምናቀርበው ክርክር የሚከተለው ነው። ማኒያ ጯኺ ስለ ሆነ በየትም አገርና በየትኛውም ዘመን ሰው አውቆታል። ድብርት ግን ዝም ባይ ነውና ብዙ ጊዜ ሌላ ስም እየተሰጠው ያልፋል፤ ይልቁንም በወጣት ላይ ሲሆን ስንፍና ወይም የዕድሜ ጠባይ ይባላል። በዚህም የተነሣ አንዱ ሕመም በሁለት ስም ተከፍሎ ይኖራል። የምዘናው ታሪክ፣ እኛ እንደምናየው፣ እነዚህን ሁለት ስሞች መልሶ የማገናኘት ታሪክ ነው፤ ማገናኘቱም ገና አልተፈጸመም።

ምሳሌያችንን የምናወጣው ከፍኖተ ሰላምና ከቡሬ፣ በዙሪያቸውም ካለው ከምዕራብ ጎጃም ገጠር ነው። ይህንን አገር የመረጥንበት ምክንያት ጎጃም የቅኔ አገር እንደ መሆኑ ስለ ተማሪ አእምሮ መታወክ የራሱ የሆነ የቆየ ቋንቋ ስላለው ነው። የሕክምናው ጥናት ግን በአብዛኛው የተደረገው በሌሎች የኢትዮጵያ ክፍሎች ስለ ሆነ፣ ከጎጃም ተነሥተን ወደ አውሮፓና ወደ ቡታጅራ ደርሰን ወደ ጎጃም እንመለሳለን። የውጭ አገር ዓመታትን እ.ኤ.አ. ብለን፣ የአገራችንን ዓ.ም. ብለን እንጽፋለን።

1. አብሾና ዓይነ ጥላ

ዋሸራና ጎንጅ፣ ዲማና ደብረ ኤልያስ በቅኔ ትምህርት ስማቸው የተጠራ የጎጃም ቦታዎች ናቸው። ወደነዚህና ወደ መሰሎቻቸው የሚሄደው የቆሎ ተማሪ በልጅነቱ ከወላጆቹ ተለይቶ፣ ጎጆ ቀልሶ፣ ቁራሽ ለምኖ የሚማር ነው። እንቅልፍ ማጣትና ረኃብ የኑሮው ክፍል ናቸው። በእንደዚህ ያለ ኑሮ ላይ የሚገኝ ጎረምሳ በድንገት ሌሊት ከቀን ሳይተኛ ቅኔ የሚያፈስ፣ መምህሩን የሚዘልፍ፣ ንጉሥ ነኝ ወይም ነቢይ ነኝ የሚል ሲሆን ሰው የሚሰጠው ምክንያት ዝግጁ ነው፤ “አብሾ ጠጥቷል” ይባላል።

አብሾ አእምሮን ይከፍታል፣ ትምህርትን በአንድ ጊዜ ያስይዛል የሚባል መጠጥ ነው። ብዙዎች እንደሚሉት የሚዘጋጀው አስተናግር ከሚባለው ተክል ነው። የተክሉ ስም ራሱ ሥራውን ይናገራል፤ ያናግራል፣ ያስለፈልፋል። ሳይንስም ይህ ተክል አትሮፒንና ስኮፖላሚን የሚባሉ መርዛማ ንጥረ ነገሮች እንዳሉት፣ የጠጣውንም ሰው በእርግጥ እንደሚያሳብድ አረጋግጧል። ስለዚህ የገጠሩ ሰው ዕውቀት ከንቱ ወሬ አይደለም። ነገር ግን በአስተናግር መመረዝና በማኒያ መካከል ልዩነት አለ። የተመረዘው ሰው የዓይኑ ብሌን ይሰፋል፣ አፉ ይደርቃል፣ ቆዳው ይግላል፣ ቦታና ጊዜ ይጠፋበታል፣ የሌለ ነገር ያያል፤ ይህም በሰዓታት ወይም በጥቂት ቀናት ውስጥ ያልፋል። በማኒያ የተያዘው ግን በአብዛኛው የት እንዳለ ያውቃል፤ ግለቱም ሳምንትና ከዚያ በላይ ይቆያል፣ ሳይታከም ቢቀር ወራት ሊፈጅ ይችላል።

ያው ተማሪ ከጥቂት ወራት በኋላ ዝም ያለ እንደ ሆነስ? መጽሐፍ ማየት ይጠላል፤ ትናንት ያወረደውን ቅኔ ዛሬ ይረሳዋል፤ ከጎጆው አይወጣም፤ ራሱን ይንቃል፣ ከሰው ይሸሻል። ለዚህም ሌላ ስም ተዘጋጅቷል፤ ዓይነ ጥላ ይባላል። ዓይነ ጥላ በሰው ላይ ጥላውን ጥሎ ልቡናን የሚያጨልም፣ ዕድልን የሚዘጋ መንፈስ ነው ተብሎ ይታመናል፤ በተማሪም ላይ እንደሚበረታ ይነገራል። መድኃኒቱም ጸሎት፣ ጠበልና የደብተራ ክታብ ነው።

የቤተ ክህነት ተማሪ ላልሆነው የገጠር ወጣትም ስሞቹ እንደዚሁ የተከፈሉ ናቸው። የጋለው ልጅ አበደ፣ ለከፈው፣ ዛር ወጣበት ይባላል። የወደቀው ልጅ ፈዘዘ፣ ደነዘዘ፣ ሰነፈ፣ ሆድ ባሰው ይባላል። የመጀመሪያውን ዘመድ ተሰብስቦ አስሮ ወደ ጠበል ይወስደዋል። በሰከላ የሚገኘው የግሽ ዓባይ ምንጭ ለብዙ ዘመን የሕሙማን ተስፋ ሆኖ የኖረ ቦታ ነው። ሁለተኛውን ግን ማንም የትም አይወስደውም፤ ወይም ይመከራል፣ ወይም ይሰደባል፣ ወይም እርሻው በሌላ ሰው ይታረሳል።

በዚህ አከፋፈል ላይ የምናገኘው ጉድለት ስሞቹ አለመጠናታቸው አይደለም። ሁለቱም ስሞች በጥሩ አስተዋይነት የወጡ ናቸው። ጉድለቱ አንዱ ስም ሌላውን አለመጥራቱ ነው። በመስከረም አብሾ ጠጣ የተባለው ልጅና በግንቦት ዓይነ ጥላ አደረበት የተባለው ልጅ አንድ ልጅ መሆኑን፣ ሁለቱም ነገሮች አንድ ሕመም ሊሆኑ መቻላቸውን የሚያስብ ሰው የለም።

2. ሐኪሞች ሁለቱን እንዴት እንዳገናኙ

ይህ አከፋፈል የጎጃም ብቻ ነው ብሎ የሚገምት ቢኖር ታሪክ ያርመዋል። በጥንቱ ዘመን የቀጰዶቅያው ሐኪም አሬቴዎስ የኀዘን በሽታና የእብደት ግለት እንደሚዛመዱ ጽፎ ነበር። ቢሆንም ከእርሱ በኋላ በነበሩት ብዙ መቶ ዓመታት የአውሮፓ ሐኪሞች ሜላንኮሊያንና ማኒያን እንደ ሁለት የተለያዩ በሽታዎች ሲቈጥሩ ኖረዋል። ሁለቱን በማያጠራጥር መንገድ ያገናኙት እ.ኤ.አ. በ1850ዎቹ በፓሪስ የሳልፔትሪየር ሆስፒታል የሠሩት ዣን ፒየር ፋልሬና ዡል ባያርዤ ናቸው። ፋልሬ ሕመሙን ክብ እብደት አለው፤ ግለት፣ ውድቀትና ጤና እየተከታተሉ እንደ መንኰራኵር ይዞራሉ ማለቱ ነው። ባያርዤም እ.ኤ.አ. በ1854 ተመሳሳይ አሳብ በሌላ ስም አቀረበ፤ ማን ቀደመ በሚለው ላይም ሁለቱ ተከራከሩ።

ለእኛ ጥያቄ ግን ከቀዳሚነቱ ክርክር ይልቅ ምክንያቱ ይበልጣል። እነዚህ ሰዎች ሁለቱን ሊያገናኙ የቻሉት አዲስ መሣሪያ ስላገኙ አልነበረም። በሽተኞቻቸው በአንድ ግቢ ውስጥ ለዓመታት ስለሚኖሩ፣ አንዲት ሴት በበጋ ስትጮኽ በክረምት ዝም ስትል ያው አንድ ሐኪም ያያት ስለ ነበረ ነው። ማገናኘቱን የወለደው ረጅም ጊዜ ማየት ነው። ይህን ነጥብ አንባቢ ልብ እንዲለው እንለምናለን፤ በኋላ እንመለስበታለንና።

ከዚያ በኋላ ጀርመናዊው ኤሚል ክሬፔሊን እ.ኤ.አ. በ1899 ባሳተመው መጽሐፉ ሁለቱን ማኒክ ዲፕሬሲቭ እብደት በሚል በአንድ ስም ጠቀለላቸው። ክሬፔሊን የብዙ መቶ በሽተኞችን የሕይወት ታሪክ በካርድ እየመዘገበ ሲመረምር የመጀመሪያው የሕመም ጊዜ ከሁሉ በላይ የሚበዛው ከ15 እስከ 20 ዓመት ባለው ዕድሜ እንደ ሆነ ጻፈ። ስለዚህ ሕመሙ የጐልማሶች ብቻ ሳይሆን የተማሪና የእረኛ ዕድሜ ሕመም መሆኑ ከመቶ ዓመት በፊት የታወቀ ነገር ነው። በኋላም ካርል ሌዎንሃርድ እ.ኤ.አ. በ1957፣ ዡል አንግስትና ካርሎ ፔሪስም እ.ኤ.አ. በ1966 ድብርት ብቻ ያለባቸውን ሰዎች ሁለቱም ካሉባቸው ለይተው አሳዩ። ባይፖላር የሚለው ስም እ.ኤ.አ. በ1980 በወጣው ሦስተኛው የአሜሪካ የአእምሮ ሕክምና ማኅበር መዝገብ ላይ ገብቶ ጸና።

3. “አፍሪካዊ ድብርት አይዘውም” የተባለበት ዘመን

የጯኺውና የዝምተኛው ልዩነት በሕክምና ታሪክ ውስጥ አንድ ትልቅ ስሕተት አስከትሏል። ክሬፔሊን እ.ኤ.አ. በ1904 ወደ ጃቫ ሄዶ የአገሩን ሕሙማን ካየ በኋላ ድብርት በዚያ ቀላልና ጥቂት ነው፣ ራስን መውቀስም የለም ሲል ጻፈ። እንግሊዛዊው ጆን ካሮተርስ ደግሞ በዓለም የጤና ድርጅት አማካይነት እ.ኤ.አ. በ1953 በታተመው ጽሑፉ ድብርት በአፍሪካውያን ዘንድ እምብዛም እንደማይገኝ ተናገረ፤ ምክንያቱንም በአፍሪካዊ አእምሮ ጠባይ ላይ ጣለው።

እነዚህ ሰዎች የተመለከቱት ወደ ሆስፒታል የመጡትን ነበር። ወደ ሆስፒታል የሚመጣው ደግሞ ጎረቤት የታወከበት፣ ፖሊስ የያዘው ነው። ዝም ያለው ከቤቱ አይወጣም። ይህንን በግልጥ ያሳየችው ማርጋሬት ፊልድ ናት። እርስዋ በጋና ገጠር ወደ መማጸኛ ቦታዎች የሚመጡትን ሰዎች አጥንታ እ.ኤ.አ. በ1960 ባወጣችው መጽሐፍ፣ ጠንቋይ ነኝ፣ ሰው ገድያለሁ እያሉ ራሳቸውን የሚከሱ ብዙ ሴቶች በእርግጥ በከባድ ድብርት የተያዙ መሆናቸውን አስረዳች። ሦስት ዓመት ቆይቶም አሌክሳንደር ሌይተን፣ ናይጄሪያዊው ሐኪም አዴዎዬ ላምቦና ባልደረቦቻቸው በዮሩባ ሕዝብ መካከል ቤት ለቤት ጠይቀው የድብርት ምልክት በብዛት መኖሩን አገኙ። ከዚህ የምንማረው ድብርት በአፍሪካ የጠፋው በተፈለገበት ቦታ እንጂ በእውነት እንዳልነበረ ነው። በጎጃምም ቢሆን ፈላጊ ሐኪም ወደ ጠበሉና ወደ ደብተራው ቤት ባይሄድ፣ ከእነርሱም አልፎ ማንም የትም ያልወሰደውን ልጅ በየቤቱ ባይጠይቅ፣ ያንኑ ስሕተት ይደግማል።

4. በኢትዮጵያ የተደረጉ ቈጠራዎች

በአገራችን የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል ሆኖ ለብዙ ዓመታት ብቻውን የኖረው በአዲስ አበባ የሚገኘው የአማኑኤል ሆስፒታል ነው። ከፍኖተ ሰላም አዲስ አበባ ወደ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ይህን ያህል መንገድ ተጕዞ የሚመጣ የገጠር በሽተኛ ዘመዶቹ መያዝ ያቃታቸው ጯኺ መሆኑ አያስደንቅም።

ከሆስፒታል ግቢ ወጥተው ሕዝቡ በሚኖርበት ቦታ የአእምሮ ሕመምን ከመረመሩት መጀመሪያዎች መካከል ሆላንዳዊው ሮበርት ጊልና ባልደረባው ቫን ላይክ ይገኛሉ። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጨረሻ በትንንሽ ከተሞችና በገጠር የሕመሙን ብዛት፣ በጊዮን (ወሊሶ) በጸሎት መፈወስንና የመንፈስ መያዝን፣ እንዲሁም የኢትዮጵያ ልጆችን የጠባይ መታወክ አጥንተው ጽፈዋል። ወደ ተራ ክሊኒክ የሚመጣው ሕዝብ ራሴን፣ ሆዴን፣ ልቤን እያለ የሚያስረዳው ሕመም አንዳንድ ጊዜ የአእምሮ ሕመም መሆኑን ለኢትዮጵያ ሐኪሞች ያሳሰቡ እነርሱ ናቸው።

ከሁሉ የሚበልጠው ሥራ ግን በቡታጅራ የተደረገው ነው። ደረጀ ከበደ፣ አታላይ ዓለም፣ ተሾመ ሽብሬ፣ አበባው ፈቃዱና ሌሎችም ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 የሆነ ከ68,000 በላይ ሰዎችን ቤት ለቤት ጠየቁ። ባይፖላር ያለባቸው ከ300 በላይ ሰዎች ተገኙ፤ ይህም ከመቶ ሰው ግማሽ ያህል፣ ማለት ከ200 ሰው አንድ ገደማ ነው። ሕመሙ በአማካይ የጀመራቸው በሃያዎቹ መጀመሪያ ላይ ነበር፤ ከግማሽ በላይ የሚሆኑትም ወደ ዘመናዊ ሕክምና ከቶ ሄደው አያውቁም ነበር። በዝዋይ ደሴቶች በሚኖረው ሕዝብ መካከል በተደረገ ሌላ ጥናት ደግሞ ከመቶው 1.83 ተገኝቷል።

ከዚህ የቡታጅራ ሥራ ለእኛ ክርክር ሦስት ነገሮች ይጠቅማሉ። መጀመሪያ፣ አታላይ ዓለምና ባልደረቦቹ የአገር ሽማግሌዎችንና ሌሎች ታዋቂ ሰዎችን የአእምሮ ሕመም ምልክት ምንድን ነው ብለው ሲጠይቁ ከሁሉ በላይ የተጠቀሱት መለፍለፍ፣ ጠበኛነትና እንግዳ ጠባይ ነበሩ። ሁለተኛ፣ በሽተኞችን ለማግኘት ሁለት መንገድ ተሞክሮ ነበር፤ አንዱ በሰፈር ሰው ጥቆማ፣ ሌላው በቤት ለቤት መጠይቅ ነው። ስኪዞፍሬኒያን ለማግኘት ጥቆማው ደኅና ሲሠራ፣ የስሜት ሕመሞችን ግን መጠይቁ በይበልጥ አገኘ። ዝምተኛውን ጎረቤት አያየውም፤ ሲጠየቅ ግን ይናገራል። ሦስተኛ፣ የባይፖላር ሕሙማኑ ለጥቂት ዓመታት ሲከታተሏቸው ከሦስቱ ሁለት ያህሉ ሕመሙ ተመልሶባቸዋል፤ ሲመለስም ማኒያውና ድብርቱ በሚቀራረብ መጠን ነበር። ሕዝቡ አንዱን ዋልታ ብቻ ያውቅ የነበረው ሕመም በእርግጥ ሁለቱን እኩል ለመሆን የተቃረበ አድርጎ ይዞ ነበር ማለት ነው።

ለምን ይህ ያስጨንቀናል የሚል ቢኖር በዚያው በቡታጅራ የተደረገው የ10 ዓመት ክትትል መልስ ይሰጣል። ከባድ የአእምሮ ሕመም ካለባቸው 919 ሰዎች መካከል በ10 ዓመት ውስጥ 16ቱ ነፍሳቸውን አጥፍተዋል፤ ከ120 በላይ የሚሆኑት ደግሞ ሞክረዋል። በወጣቶችም በኩል ደረጀ ከበደና ጥላሁን ከፀላ እ.ኤ.አ. በ1993 ባሳተሙት ጥናት ከተጠየቁት 519 የአዲስ አበባ ሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ከመቶው 14.3 ነፍሳቸውን ለማጥፋት ሞክረን እናውቃለን ብለዋል። ተስፋ መቍረጥም ከዚህ ሙከራ ጋር የተያያዘ ሆኖ ተገኝቷል። ዝምታው ጎጂ ባይሆን ኖሮ ስሙ ቢሳሳት ግድ ባልኖረም ነበር።

5. ስለ መመዘኛዎቹ

ድብርትን በቁጥር የመመዘን ልማድ የጀመረው በቅርብ ጊዜ ነው። ማክስ ሃሚልተን እ.ኤ.አ. በ1960 ሐኪሙ የሚሞላውን ሚዛን፣ አሮን ቤክ እ.ኤ.አ. በ1961 በሽተኛው ራሱ የሚሞላውን መጠይቅ አወጡ። ማኒያን የሚመዝነው የሮበርት ያንግ ሚዛን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1978 ወጣ። እነዚህ ሁሉ ለአዋቂ ሰው የተሠሩ ነበሩ። ሕፃናትና ወጣቶች እንደ አዋቂ ሊደበቱ አይችሉም የሚል አስተያየት እስከ 1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ጸንቶ ስለ ነበረ፣ ለእነርሱ የሚሆን መመዘኛ የመጣው ከ1970ዎቹ ወዲህ ነው። ያን ጊዜም የታወቀ አንድ ነገር አለ፤ የወጣት ድብርት ሁልጊዜ በእንባ አይገለጥም፤ በብስጭትና በቍጣ፣ ከልክ በላይ በመተኛት፣ በትምህርት መውደቅም ይገለጣል። እ.ኤ.አ. በ1994 የወጣው አራተኛው የአሜሪካ መዝገብ ለልጆችና ለወጣቶች ብስጭት በኀዘን ስሜት ፈንታ ሊቈጠር እንደሚችል ይደነግጋል።

በዛሬ ጊዜ በአገራችን በብዛት የሚሠራበት 9 ጥያቄዎች ያሉት ፒ.ኤች.ኪው.-9 የተባለው መጠይቅ ነው። በአማርኛ ተተርጕሞ በአዲስ አበባና በቡታጅራ ተፈትኖአል። ጥሩ መሣሪያ ነው፤ ግን ሁለት ወሰን አለው። አንደኛው የቃል ነው። “ድብርት” የሚለው ቃል በከተማ ሰው አፍ የተለመደውን ያህል በገጠር አይታወቅም፤ አንዳንዱም መሰልቸት ማለት ይመስለዋል። የጃቢ ጠህናን ገበሬ ልጅ ከፋኝ፣ ሆድ ባሰኝ፣ ሰውነቴ ከበደኝ፣ ልቤ ጨለመ ቢል ይቀናዋል። ሁለተኛው ወሰን የጊዜ ነው። መጠይቁ የሚጠይቀው ስላለፉት 2 ሳምንታት ብቻ ነው። ዛሬ የተደበተው ልጅ ባለፈው ዓመት ጋሎ እንደ ነበረ አይጠይቅም። ስለዚህ አብሾና ዓይነ ጥላ የሚሉት ስሞች ከለያዩት ሕመም መጠይቁም ግማሹን ብቻ ያያል።

ይህ ግማሽ ማየት በመድኃኒት ላይ ውጤት አለው። ለተራ ድብርት የሚሰጠው መድኃኒት ባይፖላር ላለበት ሰው ብቻውን ቢሰጥ ወደ ማኒያ ሊያስፈነጥረው ይችላል። በዚህ ምክንያት የዓለም የጤና ድርጅት ለጤና ጣቢያዎች እ.ኤ.አ. በ2010 ያወጣው መመሪያ፣ ድብርት ለማከም ከመጀመር አስቀድሞ ያለፈ ማኒያ መኖሩ እንዲጠየቅ ያዝዛል። ከአውስትራሊያዊው ጆን ኬድ ዘመን፣ ማለት እ.ኤ.አ. ከ1949 ጀምሮ ሊትየም ስሜትን እንደሚያረጋጋ ታውቋል፤ ነገር ግን መጠኑ በደም ምርመራ መጠበቅ አለበት። እንግዲህ ጥያቄው አንድ ነገር ሲሆን፣ በትክክል የተጠየቀ እንደ ሆነ የሚያድን፣ የተዘለለ እንደ ሆነ የሚጐዳ ነው።

6. በፍኖተ ሰላምና በቡሬ ሲሆን

አሁን ወደ ተነሣንበት አገር እንመለስ። የዛሬው የምዕራብ ጎጃም ወጣት እንደ ቆሎ ተማሪው ከወላጁ ተለይቶ የሚማር ነው። ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ከመንደሩ ስለሚርቅ፣ ፍኖተ ሰላም ወይም ቡሬ ገብቶ ከሁለት ሦስት ጓደኞቹ ጋር አንዲት ክፍል ይከራያል፤ እንጀራውና በሶው በገበያ ቀን ከገጠር ይመጣለታል። በዚህ አኗኗር አባቱ የሚያየው አልፎ አልፎ ነው፤ መምህሩ የሚያየው በክፍል ውስጥ ብቻ ነው፤ ሐኪሙ ቢያየው ለደቂቃዎች ነው። ልጁን ሙሉ አድርጎ የሚያየው የለም። ፋልሬ በሳልፔትሪየር ያገኘው ረጅም ጊዜ እዚህ በሦስት አራት ሰዎች እጅ ተበትኖ ይገኛል። የምዘናው ሥራ የተበተነውን መሰብሰብ ነው።

ይህም በምን ሊደረግ ይችላል? በእኛ አስተያየት አራት ነገር ይበቃል።

አንደኛ፣ ልጁን ብቻውን አስቀምጦ በራሱ ቃል መጠየቅ። ወላጅ ባለበት የሚነገር ኀዘን ጥቂት ነው። ስለ ሞት አሳብም በግልጥ ይጠየቅ፤ መጠየቅ አሳቡን አያሳድርም፣ ይልቁንም ያቃልላል።

ሁለተኛ፣ ያለፈውን ግለት መፈለግ። “ማኒያ ነበረብህ ወይ” የሚል ጥያቄ መልስ የለውም። ይልቁን፣ ሳትተኛ የማትደክምበት፣ ሰዎች ምን ሆንክ ያሉህ፣ አብሾ ጠጣ ተብለህ የታማህበት ወራት ነበረ ወይ ቢባል ልጁም ቤተሰቡም ያስታውሳሉ። የገጠሩን ስም ከማጥላላት ይልቅ እንደ ቁልፍ መጠቀም ይሻላል።

ሦስተኛ፣ ምስክር መስማት። እናት ልጅዋ ከመቼ ጀምሮ እንደ ተለወጠ ታውቃለች፤ በዘር መካከል እንደዚህ የታመመ መኖሩንም ታውቃለች፤ ሕመሙ በቤተሰብ የሚወርድ ነውና ይህ ትልቅ ፍንጭ ነው። አብሮ የሚኖረው ጓደኛ ደግሞ ከእናት የማታውቀውን ሌሊቱን ያውቃል፤ ተኝቷል ወይስ ሲመላለስ አድሯል። እርግጥ ምስክሩ የሚጠራው በልጁ ፈቃድ ነው፤ የቤተሰብ ኀፍረትም ቀላል አይደለም። በቡታጅራ ከተጠየቁት 178 የሕሙማን ዘመዶች ሦስት አራተኛው በበሽታው ምክንያት መገለል እንደ ደረሰባቸው ተናግረዋል።

አራተኛ፣ ጊዜን በአገሩ አቈጣጠር መለካት። የገጠር ሰው በምን ወር ቢባል ሊቸገር ይችላል፤ ከመስቀል በፊት ነው ወይስ በኋላ፣ በርበሬ ሲለቀም ነው ወይስ በፍልሰታ ጾም ቢባል ግን አያጠፋውም። እንደዚህ እየተጠየቀ የልጁ ሁለት ዓመት በአንድ ወረቀት ላይ ቢሳል፣ ግለቱና ውድቀቱ ጎን ለጎን ይታያሉ። የተለያዩት ሁለት ስሞች በዚያ ወረቀት ላይ ይገናኛሉ።

በዚህ ላይ ጊዜያችን ያመጣው ሌላ ችግር አለ። እ.ኤ.አ. ከ2023 ጀምሮ በአማራ ክልል በተነሣው ጦርነት ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተዋል፤ በነሐሴ 2015 ዓ.ም. ስሟ የሰላም መንገድ ማለት በሆነው በፍኖተ ሰላም በደረሰው የአየር ጥቃት ቢያንስ 26 ሰዎች መሞታቸው ተዘግቧል። በእንደዚህ ያለ ጊዜ ወንድሙን የቀበረ ልጅ ቢያዝን ሕመምተኛ አይባልም። ኀዘንተኛው ልጅ ስለ ሟቹ ሲነሣ ያለቅሳል፣ በመካከሉ ግን ይጫወታል፣ ራሱንም ከንቱ አይልም። የተደበተው ግን ቀኑን ሙሉ፣ ሳምንት ከሳምንት፣ ሁሉ ነገር ይጨልምበታል፤ ጥፋተኛው እኔ ነኝ ይላል። ኀዘንን ሁሉ ሕመም ማድረግ ስሕተት ነው። ይሁን እንጂ በጦርነት ጊዜ ሁሉም ያዝናል በማለት የታመመውን ከኀዘንተኛው ጋር አንድ ላይ ማለፍ የበለጠ ስሕተት ነው። የእንቅልፍ ማጣትና የሕይወት መናጋት የባይፖላርን ሕመም የሚቀሰቅሱ ነገሮች ናቸውና።

መደምደሚያ

ባጭሩ ለማጠቃለል፣ የአንድ ወጣት ድብርት የትልቁ ሕመም አንድ ገጽ መሆኑን ለማወቅ የሚያስፈልገው ከሁሉ በፊት ጊዜን ማያያዝ ነው። የፓሪስ ሐኪሞች በግቢያቸው በመቆየት፣ ክሬፔሊን በካርዱ፣ የቡታጅራ ተመራማሪዎች ቤት ለቤት በመጠየቅና በመከታተል አያያዙት። ጃቫንና አፍሪካን በችኮላ ያዩት ግን ጯኺውን ቈጥረው ዝምተኛውን የለም አሉ። በሶዶ ወረዳ ጤና ጣቢያዎች የተደረገው ጥናት ባለሙያዎች ከፊታቸው ከሚቀመጡት የድብርት ሕሙማን እጅግ ጥቂቱን ብቻ እንደሚለዩ ስላሳየ፣ ይህ ችኮላ ያለፈ ታሪክ ብቻ አይደለም።

ከእኛ መካከል ብዙዎች ነገ መምህራንና የጤና ሠራተኞች ሆነን ወደ ገጠር እንወርዳለን። በክፍል ኋላ ተቀምጦ ዝም ያለውን ተማሪ ሰነፍ ከማለታችን በፊት ባለፈው ዓመት ምን ዓይነት ልጅ እንደ ነበረ ብንጠይቅ፣ ከአውሮፓ የሚመጣ መሣሪያ ሳንጠብቅ ምዘናውን ጀምረናል ማለት ነው። ደብተራውና ቄሱም የዚህ ሥራ ተቃዋሚዎች ሊሆኑ አይገባም፤ ዝም ያለው ልጅ የሚወስደው ሰው ካገኘ መጀመሪያ የሚደርሰው ወደ እነርሱ ነውና፣ ከጠበሉ ጋር ወደ ጤና ጣቢያ እንዲሄድ የሚመክሩት እነርሱ ቢሆኑ ብዙ ነፍስ ይድናል።